ከደንገጎ ዳገት እስከ ታጁራ ባሕር፤ ስለ ጉዞ ማቅለሽለሽ ምክንያትና መከላከያ

መግቢያ

በአገራችን «መኪና አይስማማኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ባሕር ያላቸው ሕዝቦች ደግሞ ስለ ባሕር እንደዚሁ ይናገራሉ። እንዲያውም አውሮፓውያን ማቅለሽለሽን የሚጠሩበት ቃል የተገኘው መርከብ ከሚለው የጥንት ግሪክ ቃል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጥ የምንሞክረው በመኪና የሚይዘን ሕመምና በመርከብ የሚይዘው ሕመም በምክንያቱ አንድ መሆኑን፥ ምክንያቱም ከሆድ ሳይሆን ከዓይንና ከጆሮ አለመስማማት የሚነሣ መሆኑን፥ ስለዚህም ስለ ሆድ ብቻ የሚደረግ ጥንቃቄ በቂ መከላከያ ሊሆን እንደማይችል ነው።

ስለ ባሕር ሕመም በድሬዳዋ ተቀምጦ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ጋር ያላት ዝምድና የሚጀምረው ከልደትዋ ነው። ድሬዳዋ የተቈረቈረችው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ያንኑ ወደብ ከአዲስ አበባ ጋር ሲያገናኝ በድሬዳዋ በኩል ያልፋል። ከዚህ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፥ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚወጣ ሰው ጠዋት የሚጠብቀው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል። ወደ ባሕር ለማይወርደውም ቢሆን በቅርቡ የደንገጎ ዳገት አለለት። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሚሄድ ሁሉ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር ወደሚበልጠው ደጋ የሚወጣው በዚሁ ዳገት እየተጠማዘዘ ነው። ስለዚህ ደንገጎ ለእኛ ለተማሪዎች ያለ ክፍያ የተሰጠን የባሕር ትምህርት ቤት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ጉዳዩ ተራ ነገር ነው ብሎ የሚንቀው ሰው እንዳይኖር የሚከተለውን እናስታውስ። በዓለም አቀፍ የመርከብ ደንብ መሠረት አንዲት የሕይወት አድን ጀልባ ከምትይዛቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ ለ48 ሰዓት የሚበቃ የባሕር ሕመም መድኃኒት ነው፤ ለእያንዳንዱም ሰው አንድ የማስታወኪያ ከረጢት ይመደብለታል። ይህ የታዘዘው ለምቾት ተብሎ አይደለም። ደጋግሞ የሚያስታውክ ሰው የሰውነቱ ውሃ ያልቃል፥ ጉልበቱ ይከዳዋል፥ ቀዘፋ መያዝም ሆነ ውሃ ከጀልባ መቅዳት ያቅተዋል፥ በመጨረሻም ለመዳን ያለው ፈቃድ ይጠፋል። በኦቦክ ጠረፍ በኩል በትንንሽ ጀልባ ተጨናንቀው ወደ የመን የሚሻገሩትን ወገኖቻችንን ስናስብ፥ በሐሩርና በውሃ ጥም ላይ ይህ ሕመም ሲጨመር ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። ከዚህም ሌላ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የመርከበኞች ማሠልጠኛ ተምረው በመርከብ ላይ እንጀራቸውን የሚያገኙ ወጣቶች አሉን። ለእነዚህ ወጣቶች የባሕር ሕመም የሥራ ጉዳይ ነው።

ሀ) የሕመሙ ጠባይ

ሕመሙ በድንገት አይመጣም፤ ምልክት አለው። በመጀመሪያ ሰውየው ዝም ይላል፤ ከጓደኞቹ ጋር የጀመረውን ጨዋታ ያቋርጣል። ቀጥሎ ያዛጋዋል፥ ፊቱ ይገረጣል፥ በግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ይወጣል፥ አፉ በምራቅ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ሆዱን ያጥወለውለዋል፤ በመጨረሻም ያስታውካል። አንዳንዱ ሰው ካስታወከ በኋላ ይቀለዋል፤ ሌላው ግን እንቅስቃሴው እስኪቆም ድረስ አይለቀውም።

ከእነዚህ ምልክቶች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ዝምታውንና ማዛጋቱን ነው። መከላከያ የሚረዳው በዚህ ጊዜ ነውና። ምራቅ ከሞላ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ የዘገየ ነው።

ሕመሙ ሰውን ሁሉ እኩል አይዝም። ዕድሜአቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት እምብዛም አይታመሙም። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉት ልጆች ግን ከሁሉ በላይ ይጠቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ሕመሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ይበረታባቸዋል። ከፍለ ራስ የሚባለው ብርቱ የራስ ሕመም ያለበት ሰውም እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ ሕመሙ የፍርሃት ወይም የድካመ ልብ ምልክት አይደለም። የእንግሊዝ ታላቅ የባሕር አዛዥ የነበረው ኔልሰን ባሕሩ በተናወጠ ቁጥር ይታመም ነበር። የተፈጥሮ ሊቁ ቻርልስ ዳርዊንም ቢግል በምትባለው መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1836 ዓለምን ሲዞር ሕመሙ አልተለየውም። ስለዚህ በአውቶቡስ ውስጥ የሚያስታውክን ተሳፋሪ መሳቂያ ማድረግ ካለማወቅ የሚመጣ ነገር ነው።

ለ) የሕመሙ ምክንያት

ጆሮ ከመስማት ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለው፤ እርሱም ሚዛን መጠበቅ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች ይገኛሉ። ውሃ የያዘ ጣሳ በድንገት ቢዞር ጣሳው ሲዞር ውሃው ወደ ኋላ እንደሚቀር ሁሉ፥ ራሳችን ሲዞር በቦዮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ይህንንም ስስ የሆኑ ፀጉሮች አውቀው ወደ አንጎል ያስተላልፉታል። ከቦዮቹ አጠገብ ደግሞ በሙጫ መሳይ ነገር ላይ የተነጠፉ እጅግ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። እነዚህ ጠጠሮች ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚደረገውን እንቅስቃሴና የመሬትን ስበት ያስታውቃሉ።

አንጎል እንግዲህ እንደ ዳኛ ነው። ዓይን አንድ ምስክር ነው፤ የውስጠኛው ጆሮ ሌላ ምስክር ነው፤ የእግርና የጀርባ ጡንቻዎችም የየራሳቸውን ቃል ይሰጣሉ። ዳኛው ደግሞ ከዚህ በፊት በኖረበት ዘመን የተጻፈ መዝገብ አለው። ሰው በእግሩ ሲሄድ ምስክሮቹ ሁሉ ይስማማሉ፤ ቃላቸውም ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል። በደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ በአውቶቡስ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ ግን ዓይኑ «አልተንቀሳቀስንም፤ ፊደሉ በቦታው ነው» ሲል ይመሰክራል፤ ጆሮው ደግሞ «ወደ ግራ ዞርን፥ ወደ ቀኝ ዞርን፥ ወደ ላይ ወጣን» ይላል። ዳኛው ከሁለቱ ማንን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል። ሕመሙ የሚጀምረው ከዚህ ክርክር ነው።

ይህ ሐሳብ በግምት ብቻ የቀረበ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ጀምስ እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው ጽሑፍ ከ500 በላይ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ጠይቆ፥ ከእነርሱ ብዙዎቹ ቢሽከረከሩም ራሳቸውን እንደማያዞራቸው ገልጿል፤ የባሕር ሕመምም የማያውቃቸው እንደሚገኙባቸው አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣ ጥናት ደግሞ የሁለቱም ጆሮ የሚዛን መሣሪያ የጠፋባቸው ሰዎች በሰሜን አትላንቲክ ማዕበል ላይ ከሌሎች ጋር ተሳፍረው፥ ሌሎቹ ሲታመሙ እነርሱ ደኅና ሆነው ተገኝተዋል። ሆዳቸው እንደማናችንም ሆድ ነበር፤ ያው ማዕበል አናውጧቸዋል። የጐደላቸው የጆሮው ምስክር ብቻ ነበር።

ዓይነ ስውር የሆነ ሰውም በመርከብ ይታመማል። ይህ ነገሩን የሚቃረን ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አይቃረንም። ዓይን ባይመሰክር እንኳ የጆሮው ቃል በመዝገብ ከተጻፈው ልማድ ጋር ካልገጠመ ክርክሩ አይቀርም። ሪዝንና ብራንድ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ይህን ሐሳብ አስፋፍተው እ.ኤ.አ. በ1975 በመጽሐፍ አውጥተውታል።

ታዲያ የዓይንና የጆሮ ክርክር ሆድን ለምን ያስቸግራል? እ.ኤ.አ. በ1977 ትራይስማን የተባለ ሊቅ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል ያለውን አቅርቧል። በተፈጥሮ ሕይወት ዓይንና ጆሮ እንዲህ የሚቃወሙት ሰው መርዝ ሲበላ ነው። ስለዚህ አንጎል የምስክሮቹን አለመስማማት ሲያይ ሰውነት የተመረዘ መስሎት ሆድ የያዘውን እንዲጥል ያዝዛል። ይህ ገና አስተያየት ቢሆንም ምንም ክፉ ነገር ሳይበላ ስለሚያስታውከው ሰው ጥሩ ማብራሪያ ይሰጣል።

የእንቅስቃሴውም ዓይነት ልዩነት ያመጣል። ኦሃንሎንና ማኮሊ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት ከሁሉ የሚያጥወለውለው በ5 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ የሚል ቀርፋፋ እንቅስቃሴ ነው። የባሕር ሞገድ መርከብን የሚያነሣውና የሚጥለው በዚሁ መጠን ገደማ ነው። የፈረስ ሶምሶማና የኮሮኮንች መንገድ ንቅናቄ ግን ከዚህ እጅግ የፈጠነ ነው። ኮሮኮንች ወገብን ቢያደክምም ብቻውን እምብዛም የማያቅለሸልሸው፥ ለስላሳው ግን ጠመዝማዛው አስፋልት የሚያቅለሸልሸው ስለዚህ ነው።

ሐ) በመካከላችን የተለመዱት መከላከያዎች ሲመረመሩ

መስኮት መዝጋት። በአውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ክርክር አለ። አንዱ መስኮት ሲከፍት ከኋላ ወይም ከጐን «ልጄ፥ ዝጋው እንጂ፤ ብርድ ይመታናል» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ አየሩ ስለሚለወጥ በደንገጎ ይህ ክርክር ይበረታል። በእኛ አስተያየት የታመመው ተሳፋሪ እውነት አለው። ሙቀት፥ የነዳጅ ሽታና የምግብ ሽታ የሕመሙ ሥር ባይሆኑም ያባብሱታል፤ ንጹሕ አየር ደግሞ ያቀልለዋል። ከዚህም በላይ የሳንባ ነቀርሳን የመሰሉ በትንፋሽ የሚተላለፉ በሽታዎች የሚመቻቸው የታፈነ ቤት ወይም የታፈነ መኪና ነው። ከተከፈተ መስኮት ይልቅ የተዘጋው የሚያስፈራ ሆኖ ሳለ ልማዳችን ተቃራኒውን ያስተምረናል። ቢሆንም ታላላቆቻችንን በክርክር ማሸነፍ አይገባም። «እማማ፥ ይቺ ልጅ እያጥወለወላት ነው፤ ጥቂት ብቻ እንክፈትላት» ብሎ መለመን፥ ነፋሱ በቀጥታ እንዳያገኛቸው ቦታ መለወጥ፥ ከፊትና ከኋላ ያሉትን መስኮቶች አንድ አንድ ጋት ብቻ መክፈት ሁሉንም ያስማማል።

መጋረጃ መዝጋት። ይህ ከመስኮቱ ያልተናነሰ ጉዳት ቢያስከትልም ማንም አያስተውለውም። ፀሐይን ለመከላከል መጋረጃውን የጐተተ ተሳፋሪ የዓይንን ምስክር ከችሎት አስወጣ ማለት ነው። ጆሮ የሚናገረውን የሚያረጋግጥለት ተራራውና መንገዱ ነበር፤ አሁን ግን ዓይን የሚያየው የማይንቀሳቀስ ጨርቅ ሆነ።

በባዶ ሆድ መሄድ። ብዙ ሰው እንዳያስታውክ ብሎ ሳይበላ ይሳፈራል። ባዶ ሆድ ግን ማጥወልወልን አይከለክልም፤ ማስታወክ ሲመጣም የሚጣል ነገር ስለማይኖር ሥቃዩ ይበዛል። በዘይት የተጠበሰና የጠገበ ቁርስም ያው ክፉ ነው። ጠዋት ከመሳፈር በፊት በዕንቁላል የተሠራ ፈጢራ አዝዞ መጥገብ ለሌላ ቀን ይቆይ። ትንሽ ደረቅ ዳቦ፥ ለመንገድም ጥቂት ቆሎ፥ ውሃም በትንሽ በትንሹ መልካም ነው። የአልኮል መጠጥ ግን የጆሮውን ሚዛን ራሱ ስለሚያናጋ ከዋዜማው ጀምሮ መተው አለበት።

ሎሚና ዝንጅብል። ሎሚ ማሽተት መጥፎ ሽታን ይሸፍናል፥ ሐሳብንም ከሆድ ያርቃል፤ ጉዳት ስለሌለው የሚጠቅመው ሰው ይያዘው። ዝንጅብል ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመ የዴንማርክ ጥናት 80 የባሕር ኀይል ዕጩዎች በተናወጠ ባሕር ላይ ተፈትነው ዝንጅብል የወሰዱት ያስታወኩት በጥቂቱ ሆኖ ተገኝቷል። ሌሎች ጥናቶች ሁሉ በዚህ ውጤት ባይስማሙም ከመነሣት በፊት አንድ ስኒ የዝንጅብል ሻይ መጠጣት ምንም አያስቀርም።

መ) በመንገድ ላይ ሊደረግ የሚገባው

ነጂ ራሱ በሚነዳው መኪና የማይታመመው ለምንድን ነው? መንገዱን ያያል፤ መጠምዘዣው ከመድረሱ በፊት እንደሚደርስ ያውቃል፤ መሪውን የሚያዞረው እርሱ ራሱ ነው። በዚህ ምክንያት ምስክሮቹ ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ይስማማሉ። ነጂውን የሚያስተውል ሰው ሌላም ነገር ያያል፤ በመጠምዘዣ ላይ የነጂው ራስ ወደ መጠምዘዣው ውስጥ ሲያዘነብል የተሳፋሪዎቹ ራስ ወደ ውጭ ይወረወራል። ስለዚህ የመከላከያው ሁሉ አጭር መግለጫ «እንደ ነጂ ተሳፈር» የሚል ነው።

1ኛ. በሚኒባስ ከሆነ ጋቢና መቀመጥ፤ ያልተገኘ እንደሆነ ከነጂው በስተኋላ ባለው ረድፍ፥ በአውቶቡስም በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል መቀመጥ። የመጨረሻው ወንበር ከሁሉ ይልቅ ስለሚወዛወዝ መኪና የማይስማማው ሰው ሊሸሸው ይገባል። ጋቢናን ለክብር ለትልቅ ሰው መስጠት መልካም ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን የሚያጥወለውለው ሰው ካለ ለእርሱ መልቀቅም ክብር ነው።

2ኛ. ፊትን ወደ ጉዞው አቅጣጫ ማድረግ። በባቡርም ቢሆን ወደ ኋላ ዞሮ የተቀመጠ ሰው የሚመጣውን አያይም። የባቡር ሐዲድ እንደ መኪና መንገድ በድንገት ስለማይታጠፍ በባቡር የሚታመም ሰው ጥቂት ነው።

3ኛ. ዓይንን በሩቅ ባለ ነገር ላይ ማሳረፍ። ቅርብ የሆነው የመንገድ ዳር ድንጋይና ቁልቋል በፍጥነት ስለሚሮጥ ዓይንን ያደክማል፤ ሩቅ ያለው ተራራ ግን ጸጥ ብሎ ይቆማል።

4ኛ. በጠመዝማዛ መንገድ ላይ አለማንበብ፥ በስልክም አለመጻፍ። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ደብተሩን በደንገጎ ላይ ከሚያነብ ይልቅ ቆላ ሳለ ወይም ደጋ ወጥቶ መንገዱ ሲቀና ቢያነብ ይሻለዋል።

5ኛ. ራስን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አጥብቆ ማሳረፍና በመጠምዘዣው ላይ እንደ ነጂው ወደ ውስጥ ጥቂት ማዘንበል። ሕመሙ የጀመረ እንደሆነ ዓይንን ጨፍኖ፥ ቀስ ብሎና በልክ እየተነፈሱ መቆየት ይረዳል። ዓይን ሲጨፈን የሐሰት ምስክሩ ዝም ይላልና።

6ኛ. ረዳቱ ፌስታል እስኪያመጣ አለመጠበቅ፤ በእጅ ይዞ መሳፈር። ፌስታል የያዘ ሰው ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ፍርሃት ደግሞ ሕመሙን የሚያባብስ ነገር ነው።

ሠ) በባሕር ላይ ሊደረግ የሚገባው

በደንገጎ የተማርነው ትምህርት ሳይለወጥ ወደ ባሕር ይወርዳል። ልዩነቱ የደንገጎ ዳገት በአጭር ጊዜ ሲያልቅ ባሕሩ ቀኑን ሙሉ የማያልቅ መሆኑ ነው። «ረዳት፥ ወራጅ አለ» ብሎ መውረድም አይቻልም።

ዓሣ ለማጥመድ ወደ ጥልቅ ባሕር የሚወጣ ሰው የሚመርጠው ቦታ የጀልባዋ መካከል ነው። ጀልባ በሞገድ ላይ እንደ ሚዛን ዘንግ ናት፤ ሁለቱ ጫፎች ብዙ ሲወጡና ሲወርዱ መካከሏ ጥቂት ይንቀሳቀሳል። በትልቅ መርከብም እንዲሁ በመካከልና ለውሃው ቅርብ በሆነው ፎቅ ያለው ክፍል ይሻላል። ሰውየው ከታች ካለው ክፍል ወጥቶ በደጅ ይቀመጥ፤ ዓይኑንም ሰማይና ባሕር ከሚገናኙበት መስመር ላይ ያሳርፍ። በባሕር መካከል የማይናወጥ ነገር ቢኖር ይህ መስመር ብቻ ነው። ቆሞ መቆየት የሚችል ሰው ጕልበቱን ጥቂት አጥፎ ከጀልባዋ ጋር መወዛወዝ ይጠቅመዋል። ያልቻለ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ በጀርባው ይተኛ።

በዓሣ ጀልባ ላይ ሕመም የሚበረታበት የታወቀ ሰዓት አለ። ጀልባዋ ስትሄድ ነፋስ አለ፥ አቅጣጫም አለ፤ ለማጥመድ ሞተሩን ቀንሳ ስትቆም ግን ጐኗን ለሞገድ ሰጥታ በዝግታ ትወዛወዛለች፤ የሞተሩ ጭስም በላይዋ ይንዣበባል። በዚያው ጊዜ ዓሣ አጥማጁ አንገቱን ደፍቶ የሚሸት ማጥመጃ ሥጋ በመንጠቆ ላይ ያስራል። ከላይ የዘረዘርናቸው ክፉ ነገሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሰበሰቡ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ሰው መንጠቆውንና ሲባጎውን ገና በወደብ ሳለ አዘጋጅቶ ይጨርስ፤ ጀልባዋ ስትቆም ጭሱ ከሚሄድበት ወገን ይራቅ፤ አቀርቅሮ የሚሠራውንም ሥራ ለለመደ ሰው ይተው።

ማስታወክ የግድ ከሆነ ነፋስ ወደሚሄድበት ወገን ይሁን፤ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያስታወከ ሰው ልብሱንና ጓደኞቹን ያበላሻል። ብቻውን ግን ከጀልባ ጫፍ ላይ አያጐንብስ፤ ጕልበቱ የደከመ ሰው በአንድ ሞገድ ባሕር ውስጥ ሊወድቅ ይችላልና ጓደኛው ይያዘው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂት ውሃ መጠጣት አለበት። በጣናም ሆነ በሌሎች ሐይቆቻችን ነፋስ በተነሣበት ሰዓት በሞተር ጀልባ ለሚሻገር ሰው ደንቡ ይኸው ነው።

በባሕር ላይ የሚቆይ ሰው ተስፋ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መልመድ ነው። ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ አንጎል በመዝገቡ ላይ አዲስ ቃል ይጽፋል፤ ሞገዱም የተለመደ ነገር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወደ ምድር የወረደ መርከበኛ ደግሞ ምድሪቱ የምትወዛወዝ ይመስለዋል፤ አዲሱ መዝገብ ገና አልተሰረዘምና። እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሥርቶ ዋና ሰፈሩን በምጽዋ አድርጎ የነበረው የኢትዮጵያ ባሕር ኀይል ባሕር አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆችን መርከበኞች ለማድረግ የቻለው በዚሁ የመልመድ ኀይል ነው። የደጋ ሰው ለባሕር አልተፈጠረም የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ይህ ነው።

ረ) ስለ መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በ1947 በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለሰውነት ሽፍታ መድኃኒት ይሰጣት የነበረች አንዲት ነፍሰ ጡር፥ ሁልጊዜ በከተማው የጎዳና ባቡር ስትሳፈር ያጥወለውላት የነበረው እንደተዋት ለሐኪሞቿ ነገረቻቸው። ጌይና ካርላይነር የተባሉት ሐኪሞች ነገሩን ንቀው አልተዉትም። በዚያው ዓመት ከኒው ዮርክ ወደ ጀርመን አገር በሚሄደው ጄኔራል ባሉ በተባለ የወታደር መርከብ ላይ ከ1,300 በላይ በሆኑ ወታደሮች መካከል ፈተኑት፤ ጠቃሚ ሆኖም አገኙት። መድኃኒቱ ዳይመንሃይድሪኔት ይባላል፤ የንግድ ስሙ ድራማሚን ነው። ሜክሊዚን፥ ሲናሪዚንና ፕሮሜታዚንም ለዚሁ ሥራ ይውላሉ።

እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት በአንጎል ላይ ነው። በአንጻሩ ለሌላ ዓይነት ማስታወክ በየሆስፒታሉ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራሚድ የሆድን እንቅስቃሴ ቢያስተካክልም ለጉዞ ሕመም አይረዳም። ይህም ሕመሙ ከሆድ እንደማይነሣ ሌላ ማስረጃ ነው።

ስለ አወሳሰዱ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ክኒኑ የሚወሰደው ከመነሣት በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ማጥወልወል ከጀመረ በኋላ ሆድ መድኃኒቱን በሚገባ አያሳልፍም። ሁሉም እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ስለዚህ ነጂ ሊወስዳቸው አይገባም፥ ከአልኮል መጠጥም ጋር አይወሰዱም። ነፍሰ ጡር የሆነች፥ የዓይን ግፊት ወይም የሽንት መከልከል ያለበት ሰው፥ ለሕፃን ልጁም መድኃኒት የሚፈልግ ወላጅ አስቀድሞ ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ መጠየቅ አለበት።

ከዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እናክላለን። ከጥንት ጀምሮ ለባሕር ሕመም ከሚያገለግሉት መድኃኒቶች ኀይለኛው ስኮፖላሚን ነው። ይህ ንጥረ ነገር በየመንገዱ ዳርና በየጉድፍ መጣያው በሚበቅለው አስተናግር ወይም አጠፋሪስ በሚባለው ተክል ውስጥም ይገኛል። አንድ ተማሪ ይህን አንብቦ «እንግዲያውስ ቅጠሉን ቀቅዬ ልጠጣ» እንዳይል። በፋብሪካ የሚሠራው መድኃኒት በሚሊግራም ክፋይ የተለካ ሲሆን በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፤ ጥቂቱ ያሳብዳል፥ ብዙው ይገድላል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የጉዞ ማቅለሽለሽ የሚመጣው የዓይንና የጆሮ ምስክርነት ሳይስማማ ሲቀር ነው። መከላከያውም ምስክሮቹን ማስታረቅ ነው፤ ይኸውም መንገዱን ወይም የሰማዩን ዳርቻ ማየት፥ ጥቂት በሚንቀሳቀስ ቦታ መቀመጥ፥ ራስን ማሳረፍ፥ አየር ማግኘት፥ መጥኖ መብላት፥ የሚያስፈልገውም ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ነው። ይህን ሁሉ ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

«መኪና አይስማማኝም» ብሎ ትምህርቱን ወይም ዘመዶቹን ከመጠየቅ የሚቀር፥ ባሕር አይቼ አላውቅም ብሎም ከመርከብ ሥራ የሚሸሽ ወጣት ካለ፥ አለመስማማቱ የሚታረቅ መሆኑን እንዲረዳ ምኞታችን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ደንገጎን ስንወጣ መጋረጃውን እንክፈት፥ ደብተሩን እንጠፍ፥ ከጐናችን የተቀመጠችውንም እናት አስፈቅደን መስኮቱን አንድ ጋት ዝቅ እናድርግ።